የእናቴ ጥያቄና የበረዶ አገር እናቶች

በሰሜን ኖርዌይ፣ ትሮምሶ ከተማ ላይ ክረምቱ ሲለቅ ሰው በጉጉት የሚጠብቀው ምግብ አለ፤ የባሕር ወፍ እንቁላል። ከዶሮ እንቁላል ይተልቃል። ቅርፊቱ ወደ ቡናማ የሚያደላ አረንጓዴ ሆኖ ጥቁር ጠቃጠቆ አለበት፤ ሲቀቀል አስኳሉ ከብርቱካንማ አልፎ ወደ ቀይ ይጠጋል። ለሁለት ከፍለው፣ ጨው ነስነስ አድርገው በቀዝቃዛ ቢራ ይበሉታል። የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ሳለሁ ከታችኛው ፎቅ የሚኖሩት አሮጊት ጎረቤቴ በሳህን ይዘውልኝ መጡ። ወንድማቸው ከደሴት የለቀመው ነው። «ብዪ፣ ለአንቺም ለልጁም አቅም ይሆናል። እናቴ እኔን ስታረግዝ ይህን ነበር የምትበላው» አሉኝ። እዚህ አገር በር አንኳኩቶ ምግብ የሚያቀብል ጎረቤት ማግኘት ቀላል አይደለምና ልቤ በጣም ተነካ።

በዚያው ሳምንት የእርግዝና ክትትል ነበረኝ። አዋላጇ ስለ አመጋገቤ ስትጠይቀኝ ስለ እንቁላሉ ነገርኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶች፣ ልጆች፣ ወደፊት መውለድ የሚችሉ ወጣት ሴቶችም ጭምር የባሕር ወፍ እንቁላል እንዳይበሉ የኖርዌይ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ይመክራል አለችኝ። የዓሣ ጉበትም እንደዚሁ። ከሐይቅ የሚያዙ አንዳንድ ትላልቅ ዓሣዎችም ሜርኩሪ ስላለባቸው ይቅሩብሽ አለችኝ። «ዳዮክሲንና ፒሲቢ የሚባሉ ነገሮች ስብ ውስጥ ይጠራቀማሉ። በእትብትም በጡትም አልፈው ልጁ ጋ ይደርሳሉ» አለች፣ ረጋ ብላ። በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ። ባሕሩ ጥርት ብሏል፣ ተራራው በረዶውን ገና አላራገፈም፣ ዓይን እስኪደክም ብታዪ የፋብሪካ ጭስ የለም።

እንቁላል መተው አይከብድም። ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ይህን በመሰለ ቦታ የምትኖር ወፍ እንቁላሏ ለነፍሰ ጡር የማይሆን የሆነው እንዴት ነው? ማን ነው እዚህ ድረስ መጥቶ የመረዛት? ሥራዬ አረጋውያንን መንከባከብ ነው፤ ኬሚስትሪ የተማርኩት ሁለተኛ ደረጃ ላይ ብቻ ነው። ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም፤ ማታ ማታ ማንበብ ጀመርኩ። (ከዚህ በታች ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

ነፋስ የሚያመላልሰው

አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። እሳት ላይ የተጣደው ጋን ይሞቃል፣ እንፋሎቱ በመቃው ያልፋል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የተቀመጠው ዕቃ ጋ ሲደርስ ጠብታ ሆኖ ይወርዳል። ዲዲቲና ቶክሳፊን የተባሉት ፀረ ተባዮች፣ ፒሲቢ የተባለው የፋብሪካ ኬሚካልና መሰሎቻቸው ምድርን የሚዞሩት በዚሁ ሕግ ነው። ሞቃት ቦታ ላይ ከእርሻ፣ ከቆሻሻ ክምር፣ ከአሮጌ ትራንስፎርመር ይተናሉ፤ ነፋስ ይሸከማቸዋል፤ ቀዝቃዛ አየር ሲያገኙ ይወርዳሉ። በጋ ሲመጣ እንደገና ተነሥተው ወደ ሰሜን ይጠጋሉ። አርክቲክ፣ ማለትም የምድር ሰሜን ጫፍ ሲደርሱ የሚያስነሣቸው ሙቀት ያጥራል፤ ብርዱና የረጅም ወራት ጨለማው ደግሞ እንዳይፈርሱ ያቆያቸዋል።

ከዚያ የምግብ ሰንሰለቱ ይረከባቸዋል። ባሕሩ ውሃ ውስጥ ያለው መጠን ኢምንት ነው። ነገር ግን እነዚህ ኬሚካሎች ከውሃ ይልቅ ስብ ላይ መጣበቅ ይቀናቸዋል፤ በዚያ ብርድ ደግሞ ስብ የሌለው ፍጡር አይኖርም። ውሃ ላይ የምትንሳፈፈው ጥቃቅኗ ፕላንክተን ትቀበላቸዋለች። እሷን የሚበላ ትንሽ ዓሣ አለ፤ ዓሣውን ‹ሲል› የተባለው ወፍራም የባሕር አጥቢ ይበላዋል፤ ‹ሲል›ን የዋልታ ድብ። በየደረጃው ምግቡ ተፈጭቶ ጉልበት ሲሆን መርዙ ሳይፈጭ ይቀራል። ድቡ ጋ ሲደርስ መጠኑ ውሃው ውስጥ ከነበረው ሚሊዮን ጊዜ ሊበልጥ ይችላል። ከድቡ ጋር በአንድ ደረጃ የተቀመጠ ሌላም አለ፤ ‹ሲል›ንና ዓሣ ነባሪን እየበላ ለሺህ ዓመታት የኖረው የአርክቲክ ሰው።

ከኖርዌይ በስተሰሜን ባሕሩ መካከል ቢዮርንዮያ የምትባል ደሴት አለች። እዚያ ያሉ ሁለት ሐይቆች ታሪክ ከሁሉም በላይ አስደነቀኝ። ኤላሾን በሚባለው ሐይቅ የሚኖረው ዓሣ ፒሲቢው በጣም ብዙ ነው፤ እዚያው ደሴት ላይ ኦያንገን በሚባለው ሌላ ሐይቅ ግን በጣም ያነሰ ነው። አየሩ አንድ፣ ዝናቡ አንድ። ልዩነቱን ያመጡት ወፎቹ ናቸው። ከባሕር በልተው ኤላሾን ላይ ያርፋሉ፣ ይታጠባሉ፣ ይጸዳዳሉ፤ ከባሕሩ የሰበሰቡትን ሐይቁ ውስጥ ይጥላሉ። በዚችው ደሴት ባሕር ወፎች እየተንቀጠቀጡ ሲወድቁና ሲሞቱ ተገኝተው ሲመረመሩ ጉበታቸውና አንጎላቸው ከፍተኛ ፒሲቢ ነበረበት። ጎረቤቴ በሳህን ያመጡልኝ እንቁላል ከየት እንደሚጀምር የገባኝ ያኔ ነው።

ንጹሕ ወተት ፍለጋ

በ1980ዎቹ አጋማሽ ኤሪክ ደዋይ የተባለ፣ በካናዳ የኩቤክ ክፍለ ሀገር ሐኪም በደቡባዊ ኩቤክ የሚኖሩ እናቶችን የጡት ወተት እየመረመረ ነበር። ለማነጻጸሪያ ብክለት ያልነካው ወተት አስፈለገው። ከሁሉ የራቀ ቦታ የቱ ነው? በኩቤክ ሰሜን ጫፍ ያለው፣ የአርክቲክ ነባር ሕዝብ የሆኑት የኢኑይቶች ምድር፣ ኑናቪክ። ፋብሪካ የለ፣ እርሻ የለ፣ መኪና እንኳ ስንት ነው። ናሙናው ተሰበሰበ፤ ውጤቱ ሲመጣ ግን የኢኑይት እናቶቹ ወተት ከደቡቦቹ አምስት እጥፍ ያህል ፒሲቢ ነበረበት። ለንጽሕና መለኪያ ይሆናል የተባለው ወተት ከሁሉ የተበከለ ሆኖ ተገኘ። ጥናቱ በ1989 ታተመ።

እዚህ ላይ ብዙ ቆየሁ። ሳይንሱ አይደለም ያቆየኝ፤ ለእነዚያ እናቶች ማን፣ እንዴት አድርጎ ነገራቸው የሚለው ነው። ልጅሽን ጡት ላይ አድርገሽ ሳለ አንድ ሰው ገብቶ «ወተትሽ ውስጥ መርዝ አለ» ቢልሽ ምን ትሆኛለሽ? በዚያው ዘመን ብሮተን አይላንድ በምትባል የካናዳ ሰሜናዊ ደሴት የኢኑይቶች ምግብ ተመርምሮ ነበር፤ ወሬው በጋዜጣ ሲናኝ ነዋሪዎቹ «የፒሲቢ ሰዎች» የሚል ስም ወጣላቸው፣ ሌሎች መንደሮችም ዓሣቸውን አንገዛም አሉ። ባልሠሩት ነገር ተዋረዱ። ነቢዩ ሕዝቅኤል የጠቀሰው ተረት አለ፤ «አባቶች ጨርቋ የወይን ፍሬ በሉ፣ የልጆችም ጥርሶች ጠረሱ»። ጨርቋውን የበሉት የኢኑይቶቹ አባቶች እንኳ አልነበሩም። ሌላ አህጉር ያለ ሰው በልቶ የእነሱ ልጆች ጥርስ ጠረሰ።

ፒሲቢ ከ1929 ጀምሮ በብዛት ሲመረት የኖረ ለትራንስፎርመር፣ ለቀለም፣ ለማሸጊያ የሚሆን የፋብሪካ ኬሚካል ነው። እሳት አይነካውም፣ አይበላሽም፣ አይፈርስም፤ የተወደደበት ምክንያትና የጎዳን ምክንያት አንድ ነው። ኑናቪክ ውስጥ ይህን ሁሉ ያመረተ፣ የሸጠ፣ የገዛ ማን አለ?

የእናቴ ጥያቄ

ልጄ ከተወለደች በኋላ ነው። እያጠባኋት እናቴ ጋ ደወልኩ። እናቴ የምትኖረው ዝዋይ ነው፤ ባቱ ከተባለ ስንት ዓመቱ፣ እሷ ግን አሁንም ዝዋይ ነው የምትለው። ያነበብኩትን እየነገርኳት ሳለ ዲዲቲ የሚለው ስም ከአፌ ወጣ። «ዲዲቲ? ያ ቤታችን ይረጭ የነበረው?» አለችኝ።

ያው ነው። ሐይቅ ዳር ያደገ ሁሉ ያስታውሰዋል። የወባ ሠራተኞች ፓምፕ አዝለው በየሰፈሩ ይመጡ ነበር። እነሱ ከመድረሳቸው በፊት ፍራሹ፣ ማሰሮው፣ ቡሃቃው፣ ዱቄቱ ሁሉ ደጅ ይወጣል፤ ዶሮዎቹ ይባረራሉ። ረጪው ከግድግዳው ጥግ ይጀምርና ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ፣ አንድ ክንድ እያለፈ ይረጫል። ሲደርቅ ግድግዳው ላይ ነጣ ያለ ዱቄት ይቀራል። «እንዳትለቀልቁት» ብለው ያስጠነቅቁን ነበር፤ ጭቃ ከተለቀለቀበት ትንኟን አይገድላትምና። ሽታው ለቀናት አይለቅም። ከተገኘ ደግሞ ለቁንጫና ለትኋን ብሎ የሚነሰንስም ነበር። እኔ ያን ግድግዳ ተደግፌ ነው ፊደል የቆጠርኩት።

«እማዬ፣ ያ ዲዲቲ እኮ ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። እስካሁን እኔ ውስጥ ሊኖር ይችላል። በጡቴም ለልጅቷ ያልፋል» አልኳት። ዝም አለች። የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«ታላቅሽን ወባ እንደወሰደብኝ ታውቂያለሽ» አለችኝ። «ከእሱ በኋላ ነው ረጪዎቹ ደጋግመው መምጣት የጀመሩት። አንቺም ታናናሾችሽም የተረፋችሁት በዚያ ነው ብዬ አምናለሁ። መርዝ ነው ካልሽኝ መርዝ ነው፤ እኔ ግን ያን ጊዜ ሌላ ምን ነበረኝ?» ትንሽ ቆይታ ደግሞ ድምፅዋ ተለወጠ። «ቆይ እስኪ፤ በነፋስ ነው የሚሄደው ብለሽኛል። እነዚያ በረዶ አገር ያሉት እናቶች የተመረዙት እኛ በረጨነው ነው?»

ይህ ጥያቄ ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ። እናቴ ልጅ ቀብራለች፤ ሌሎቹን ለማትረፍ በሯን ለረጪዎቹ ከፍታለች። አሁን በሰባዎቹ ዕድሜዋ፣ ስማቸውን ሰምታ የማታውቃቸውን ሴቶች ጎድቼ ይሆን ብላ ትጨነቃለች። ይህን ኬሚካል አምርተው ከሸጡት ሰዎች መካከል እንዲህ ብሎ የጠየቀ ስንት ነበር?

መልሱን በቅንነት ፈለግኩላት። ከሞቃት አገር ግድግዳ የተነሣ ዲዲቲ በነፋስ ሊሄድ ይችላል፤ አይሄድም ብዬ አላጽናናኋትም። ነገር ግን ዲዲቲ ተባይ እንደሚገድል በ1939 ካወቀው ከስዊዘርላንዳዊው ፖል ሙለር ወዲህ፣ በተለይ በ1950ዎቹና 60ዎቹ፣ በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በሶቪየት ኅብረት በአውሮፕላን ጭምር እርሻ ላይ፣ ደን ላይ፣ ከተማ ላይ ሲዘንብ ኖሯል። አሜሪካ ያገደችው በ1972 ነው። ቶክሳፊን በአሜሪካ የጥጥ እርሻዎች ላይ የፈሰሰ ነው፤ አርክቲክ ዓሣ ውስጥ ተገኝቷል። ፒሲቢ ደግሞ ጨርሶ የእናቴ አይደለም። በቤት ግድግዳ ላይ በልክ የሚረጭና በሺህ ሄክታር ጥጥ ላይ የሚርከፈከፍ በአንድ ሚዛን አይመዘኑም።

ናይሮቢ፣ 1999

ይህን ሁሉ እያነበብኩ ነው ናይሮቢ ላይ የደረስኩት። በጥር 1999 የዓለም መንግሥታት እነዚህን ኬሚካሎች ለማገድ ናይሮቢ ላይ እየተደራደሩ ነበር። ኢኑይቶቹ መቀመጫ አገኙ፤ ከመካከላቸው አንዷ ኩውጁዋክ በምትባል የኑናቪክ መንደር የተወለደችው ሺላ ዋት ክሉቲየ ናት። አንድ ነገር ይዛ መጥታ ነበር፤ ኢኑይት እናት ልጇን ይዛ የምትታይበት ከድንጋይ የተጠረበ ቅርፅ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም መሪ ለነበሩት ለክላውስ ቶፕፈር ሰጠቻቸው። ከዚያ ወዲህ ቅርፁ ሰብሳቢው ጠረጴዛ ላይ እየተቀመጠ ድርድሩ ቀጠለ።

የከበደው ነጥብ ዲዲቲ ነበር። በአንድ በኩል ዲዲቲ ፈጽሞ ይጥፋ የሚሉ ነበሩ። በሌላ በኩል የአፍሪካ የጤና ሰዎች ሌላ ርካሽ መድኃኒት ሳይሰጠን ከወሰዳችሁብን ልጆቻችን በወባ ያልቃሉ አሉ። ወረቀት ላይ ሲታይ የኢኑይት ሕፃን ከአፍሪካ ሕፃን ጋር የተፋጠጠ ይመስላል። ከሁሉም በላይ የመናገር መብት የነበራቸው፣ ወተታቸው የተመረዘባቸው ሴቶች፣ «ወዲያው አግዱልን» ቢሉ ማን ይፈርድባቸዋል? እነሱ ግን የአፍሪካን እናቶች ልጅ የሚያሳጣ ስምምነት አንፈልግም አሉ። የእኛ ደኅንነት በሌላው ልጅ ሕይወት አይገዛም ነው ነገሩ።

እዚህ ቦታ ላይ ስደርስ ልጄ ደረቴ ላይ ተኝታ ነበር፤ አለቀስኩ። እናቴ ስለ እነሱ ትጨነቃለች፤ እነሱ ደግሞ በስም ሳያውቋት፣ ከብዙ ዓመት በፊት፣ ስለ እሷ ተጨንቀው ነበር። ሁለቱም የተበደሉ ናቸው፣ ሁለቱም ሌላዋን አስቀደሙ። ደውዬ ነገርኳት። «እግዚአብሔር ይስጣቸው» አለች፤ ደግማ ደጋግማ አለችው።

ስምምነቱ በግንቦት 2001 ስቶክሆልም ላይ ተፈረመ፣ በ2004 ሥራ ላይ ዋለ። መጀመሪያ የታገዱት ወይም የተገደቡት 12 ኬሚካሎች ናቸው። ዲዲቲ ለእርሻ ተከለከለ፤ ወባን ለመሰለ በሽታ፣ ሌላ አማራጭ እስኪገኝ፣ በቁጥጥር ተፈቀደ። የስምምነቱ መግቢያ የአርክቲክ ተፈጥሮና ነባር ሕዝቦቿ በተለይ ለአደጋ የተጋለጡ እንደሆኑ፣ የባህላዊ ምግባቸው መበከልም የሕዝብ ጤና ጉዳይ እንደሆነ በግልጽ ይናገራል። ኢትዮጵያ በ2003 አጽድቃዋለች። አገራችን ዲዲቲ መርጨት ያቆመችው ትንኟ ስለተላመደችው በ2000ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ነው። ጊዜው ያለፈበት ብዙ ፀረ ተባይ በየመጋዘኑ ተከማችቶ ነበር፤ ከሺህ ቶን በላይ የሚሆነው በበርሜል ታሽጎ፣ በመርከብ ተጭኖ ፊንላንድ ድረስ ሄዶ ተቃጥሏል።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

ወደ አዋላጇ ምክር ልመለስ። ትክክል ነበረች፤ ሥራዋን ነው የሠራችው። በሰሜን አትላንቲክ ባሉት ፋሮ ደሴቶች ላይ ፖል ቫይሄና ፊሊፕ ግራንዠን የተባሉ ሐኪሞች በ1986 እና 87 የተወለዱ 1,022 ልጆችን ከእትብታቸው ደም ጀምረው ተከታትለዋል። እዚያ ሰው የዓሣ ነባሪ ሥጋ ይበላል፤ ሥጋው ሜርኩሪ አለበት። ልጆቹ 7 ዓመት ሲሞላቸው ሲፈተኑ በማኅፀን ሳሉ ብዙ ሜርኩሪ የደረሳቸው በትኩረት፣ በቋንቋ፣ በማስታወስ ዝቅ ብለው ተገኙ። ሕመም የሚባል ነገር የለም፤ ልጁ ይሮጣል፣ ይስቃል፤ ግን ሊሆን ከሚችለው ትንሽ ጎድሏል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለዚህ ነው። በ2008 የደሴቶቹ የጤና ኃላፊዎች ዓሣ ነባሪ ለሰው ምግብ አይሁን እስከማለት ደረሱ።

ስለዚህ ምክሩ ያስፈልጋል። የሚያንገበግበኝ ምክሩ ሁልጊዜ የሚያርፈው ሰንሰለቱ መጨረሻ ላይ ባለችው ሴት ላይ መሆኑ ነው። አትብሊ፣ ቀንሺ፣ ተጠንቀቂ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል እንዲህ ነው። ለእኔ እንቁላል መተው ቀላል ነው፤ ሱቁ ደጄ ላይ ነው። አርክቲክ ካናዳ ውስጥ ግን ከደቡብ በአውሮፕላን የሚመጣ ምግብ ዋጋው አይቀመስም፤ የዓሣ ነባሪ ቆዳና ስብ ደግሞ ቫይታሚኑም፣ ለልብና ለአንጎል የሚበጀው ቅባቱም ከሱቅ ብስኩት ጋር አይወዳደርም። አደኑ አባት ለልጁ ሙያ የሚያወርስበት፣ ሥጋው ጎረቤት ከጎረቤት የሚካፈልበት ነው። «አትብሊ» ብሎ ብቻ መሄድ እናቲቱን ከመርዝ አውጥቶ ረሃብና ብቸኝነት ውስጥ መጣል ሊሆን ይችላል።

ኑናቪክ ላይ በኋላ የተደረገው ግን ደስ ብሎኛል። በ2011 የአካባቢው የጤና ቦርድ ሜርኩሪው የበዛው ቤሉጋ በተባለው ነጭ ዓሣ ነባሪ ሥጋ ላይ መሆኑን ለይቶ፣ ልጅ የመውለድ ዕድሜ ላይ ያሉ ሴቶች እሱን እንዲቀንሱ መከረ። በዚያ አልቆመም፤ ሜርኩሪው አነስተኛ የሆነውን፣ እነሱም ጥንት ከሚወዱት ምግብ የሆነውን አርክቲክ ቻር የተባለ ዓሣ ለነፍሰ ጡሮች በነጻ የማከፋፈል ሥራ ተጀመረ። ለማጥባት የተሰጠው ምክርም ግልጽ ነው፤ አጥቡ፣ የጡት ወተት ጥቅሙ ከጉዳቱ ይበልጣል። ለእኔም አዋላጇ ይህንኑ ነገረችኝ፤ የልጅነቴን ግድግዳ ካስረዳኋትም በኋላ ምክሯ አልተለወጠም። አጥብቻለሁ።

ስፖንጁ

ትሮምሶ ወደብ አጠገብ ፍራም ማዕከል የሚባል ትልቅ የምርምር ቤት አለ። በ1991 የተቋቋመው የአርክቲክ ክትትልና ግምገማ ፕሮግራም ጽሕፈት ቤቱ እዚያ ነው። ከተማው ውስጥ ለሕዝብ ክፍት በሆነ ምሽት አንድ ተመራማሪ ስትናገር ለመስማት ሄድኩ። ስፋልባርድ በተባሉት የኖርዌይ ሰሜናዊ ደሴቶች ላይ፣ ኒ ኦለሱንድ ከምትባለው መንደር በላይ ዘፐሊን የተባለ ተራራ አለ፤ 474 ሜትር ከፍታ ላይ አየር የሚለካ ጣቢያ ተሠርቶበታል። ሠራተኞቹ በገመድ ላይ በሚሄድ ሣጥን ይወጣሉ። ፓምፑ አየር እየሳበ በስፖንጅ ውስጥ ያሳልፋል፤ ኬሚካሉ ስፖንጁ ላይ ይቀራል። ተመራማሪዋ አንዱን ስፖንጅ አዞረችልን። ክብ ነው፣ መዳፍ ይሞላል፣ ነጭ ነው፣ ምንም አይሸትም። ይህን ወደ ላብራቶሪ ወስደው፣ በፈሳሽ አጥበው፣ የያዘውን ኬሚካል በመሣሪያ ለይተው ይቆጥራሉ። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ሳያቋርጡ።

ትልቁ ነገር ያ «ሳያቋርጡ» ነው። አንድ ጊዜ የተለካ ቁጥር ያስደነግጣል እንጂ የት እንደምንሄድ አይነግርም። የአሥራ አምስት፣ የሃያ፣ የሠላሳ ዓመት መስመር ሲሰመር ግን እገዳው ሠርቷል ወይስ አልሠራም የሚለው ይታያል። ሠርቷል። የታገዱት አሮጌዎቹ ኬሚካሎች በአርክቲክ አየር ውስጥ፣ በእንስሳቱም፣ በኑናቪክ ነፍሰ ጡሮች ደም ውስጥም ከ1990ዎቹ ወዲህ በብዙ ቀንሰዋል። ሰው የወሰነው ውሳኔ እናት ሰውነት ውስጥ ሲደርስ ማየት ለእኔ ትልቅ ተስፋ ነው። ሜርኩሪም ከ2017 ጀምሮ የራሱ ዓለም አቀፍ ስምምነት ሥራ ላይ ውሎለታል፤ ሚናማታ ይባላል።

ይሁን እንጂ ሙቀቱ ሲጨምርና በረዶው ሲቀልጥ በውስጡ ታሽገው የቆዩት ኬሚካሎች ተመልሰው ወደ አየር እየወጡ መሆኑን ያሳየውም የዚሁ ተራራ ልኬት ነው። ፒፋስ የሚባሉት፣ ከማይጣበቅ መጥበሻና ውሃ ከማያስገባ ጃኬት ጋር ስማቸው የሚነሣው ኬሚካሎች ደግሞ ሌላ ወሬ ናቸው። ፋሮ ላይ በ2012 በታተመ ጥናት ደማቸው ውስጥ ብዙ ፒፋስ የተገኘባቸው ልጆች ክትባት ተከትበው ያፈሩት መከላከያ ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። አንዳንዶቹ ታግደዋል፤ ፋብሪካው ግን አንዱን ሲከለከል የአጎቱን ልጅ ይዞ ይመጣል፤ ለካዮቹ እንደገና ከዜሮ ይጀምራሉ። በስቶክሆልም ስምምነት መሠረት የዓለም አገሮች የፒሲቢ ቆሻሻቸውን በአግባቡ ለማስወገድ ያላቸው ቀነ ገደብ 2028 ነው። እኛም በዚያ ውስጥ አለንበት።

አሁን ማታ ማታ የማስበው ስለ ዝዋይ ነው። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዓሣ ተመርምሮ ዲዲቲ ተገኝቶበታል። በ2013 በታተመ ጥናትም ጅማ፣ ሰርቦና አሰንዳቦ ላይ የእናቶች ጡት ወተት ተመርምሮ ዲዲቲ ተገኝቶበታል። ጥናቶቹን የሠሩት የራሳችን ልጆች ናቸው፤ ክብር ይገባቸዋል። ግን ዘፐሊን ላይ እንዳለው ዓይነት፣ ያንኑ ሐይቅ፣ ያንኑ ዓሣ፣ የዚያችኑ ከተማ እናቶች በየጥቂት ዓመቱ እየተመለሰ የሚለካ ቋሚ ክትትል ያስፈልገናል፤ በጀቱ በአንድ የውጭ ፕሮጀክት ዕድሜ የማያልቅ። ከአሥር ዓመት በፊት የተለካች እናት ልጇ ዛሬ ትምህርት ቤት ነው፤ ቀጣዮቹ እናቶች የሚበሉት ዓሣ የተሻለ ነው ወይስ የባሰ የሚለውን ማወቅ መብታቸው ነው። ይህን የምታነቡ የጤና ባለሙያዎችና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች፣ ወተቱን ለመቀበል ወደ እናቶቹ ስትሄዱ ውጤቱን ከመጽሔት በፊት ለእነሱ ንገሩ። ስትነግሩም ማጥባት እንዳያቆሙ፣ በምን ምግብ እንደሚተኩ፣ ኬሚካሉ ከየት መጋዘንና ከየት እርሻ እንደመጣ፣ ለማንስ አቤት እንደሚሉ አብራችሁ ንገሯቸው።